ለሙስተፋ እጅ የተሠራ ጊታር

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኗል። የጊታር ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ስለሚያሠራው ደበሌ የሚተኛው ሰው ሁሉ ለምሳ በሚገባበት ሰዓት ነው፤ ዛሬም እንደ ትናንቱ መስኮቱን ዘግቶ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ ተጋድሟል፤ እንቅልፍ ግን የለም። በመዝጊያው ክፍተት የሚገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ ቀጫጭን መስመር ሠርቷል፤ ከታች ቤት አከራይዋ አሮጊት ሳህን ሲያጥቡ ይሰማዋል፤ ከዚያ ወዲያ ባሕሩ አለ። አምስት ዓመት ኖሮበትም ጣልያን አገር ባሕር ዳር መሆኑን አንዳንድ ቀን ሲነቃ ይረሳዋል፤ ዓይኑን ሳይገልጥ ሰዓቱን የሚቆጥረው በወልቂጤ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። በስምንት ሰዓት ስልክ ቤት መገኘት አለበት፤ ያን ጊዜ ወልቂጤ አሥር ሰዓት ይሆናል፤ ሙስተፋ ስልከኛዋ ፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ድምፁን ከሰማ ሰባት ዓመቱ ነው። ምን ብሎ ይጀምር? እንደ ሩቅ ሰው ጤና ይስጥልኝ ይበለው? ድሮ ሙስጤ ነበር የሚለው፤ ሙስጤ ለማለት አሁን አፉ ይታዘዝለት ይሆን?

አልጋው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ቤዝ ጊታሩ በአሮጌ አንሶላ ተሸፍኖ ተቀምጧል። አራት ወር ፈጅቶበታል። አንገቱ ከፋብሪካው የተጣለ ነው፤ ጠሟል ተብሎ ጥራጊ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ደበሌ በብረት ማሰሪያ ጠፍንጎ ሦስት ሳምንት አቆይቶ አቃናው። አካሉ የአከራይዋ ሟች ባል የቁም ሳጥን በር ነው፤ ነቀዝ ስለበላው አሮጊቷ ሊያቃጥሉት ሲሉ ሁለቱን በሮች ለመናቸው፤ ነቀዝ ያልነካውን መርጦ፣ ደርቦ፣ በኮላ አጣብቆ ቆረጠው። የቆረጠው በእጅ መጋዝ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ሞተር ያለው መጋዝ ሞልቷል፣ ተጠቀምም ተብሏል፤ እሱ ግን የመጋዝ ሞተር ሲነሣ ሥራውን አስቀምጦ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ሲጋራ የሚያጨስ ይመስላቸዋል። ድምፁን ከክሩ የሚለቅሙት ማግኔቶች ከሁለት የተበላሹ ጊታሮች የተፈቱ ናቸው፤ የአንደኛው ሽቦ ተበጥሶ ስለነበር እንደ ፀጉር የቀጠነውን መዳብ በእጁ እየቆጠረ አምስት ሺህ ዙር ጠመጠመው፤ መሃል ላይ ቁጥሩ ጠፍቶበት ከመጀመሪያው ጀምሯል። መቃኛዎቹ ሦስቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አራተኛው ለብቻው ነው። ክሮቹ አንገቱ ጫፍ ላይ የሚያርፉበትን አጥንት ሥጋ ቤት ከለመነው የበሬ ቅልጥም ሞርዶ አወጣው፤ መተኛ መተኛቸውንም ገልብጦ ቀረጸ፤ በሌላው ጊታር ቀጭኑ ክር በሚሆንበት በኩል እዚህ ወፍራሙ ይሆናል። አንገቱን በቀኝ እጅ ይዘው በግራ የሚመቱት ጊታር ነው።

ከፋብሪካው ብሎን እንኳ ያለ ወረቀት አይወጣም። ደበሌ ይህን አገር የሚያውቀው በወረቀቱ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሥራ ደብተር፣ የሐኪም ካርድ፣ ሲገቡና ሲወጡ ማሽን ውስጥ ከትተው የሚያስመቱት ካርቶን፤ አንዱ የጠፋ ቀን ሰውየውም አብሮ የጠፋ ያህል ነው። የተጣለ አንገት ለማውጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ፈራሚ ካቦው ነበር፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ ፋብሪካው ወደ ጊታር ሳይዞር ዕድሜውን አኮርዲዮን ሲሠራ የጨረሰ ሰው ነው።

«ለማን ነው?» አለው ወረቀቱን እያየ።

«ለጓደኛዬ።»

«ግራኝ ነው?»

«አሁን ግራኝ ነው።»

ካቦው ቀና ብሎ አየውና ፈረመ፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ደበሌ እንዲጠይቀው ፈልጎ ነበር። በሰው ቋንቋ ይቀል ይሆናል፤ እኔ ነኝ ማለት በጣልያንኛ የሌላ ሰው ወሬ እንደማውራት ነው፤ አንዴ በጣልያንኛ ከተናገረው በአማርኛም ሊወጣለት ይችል ነበር። ካቦው ግን እስክሪብቶውን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

የአቶ ባልቻ እንጨት ቤት ከወልቂጤ ገበያ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ደበሌ ቡታጅራ በርና መስኮት፣ አልጋና ወንበር እየሠራ እጁን ካፍታታ በኋላ፣ አቶ ባልቻ በናፍጣ ሞተር የሚሠራ ክብ መጋዝ አስመጡ ሲባል ሰምቶ በሃያ ዓመቱ የመጣው እዚያ ነው። ሙስተፋን ያወቀው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የበርበሬ ነጋዴዋ የከድጄ ልጅ፣ ሠርግ ያለበት ሁሉ የሚጠራው ጊታር መቺ፣ ፀሐይ ላይ ረስቷት አንገቷ የተላቀቀ የሣጥን ጊታሩን ታቅፎ መጣና «ይህች ትድናለች?» ብሎ ጠየቀው፤ እንደ ታማሚ። ደበሌ በኮላ አጣብቆ በማግስቱ መለሰለት። ሙስተፋ እዚያው ሣጥን ላይ ተቀምጦ ሞከራት፤ የግራ እጁ ጣቶች አንገቷ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ደበሌ መላጊያውን አስቀምጦ ያያል። የዚያኑ ቀን ከድጄ ቤት ምሳ በላ። ከዚያ በኋላ ሳይበላበት የዋለ ሳምንት የለም፤ ከድጄ «አገሩ የራቀ ልጅ» እያለች ለሁለቱ እኩል ታቀርባለች።

ሙስተፋ አዲስ አበባ ደርሶ በተመለሰ ጊዜ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። አንድ ሆቴል ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር ሰምቷል። የባንዱ አለቃ ጣቶቹን አይቶ፣ የራስህን ኤሌክትሪክ ጊታር ይዘህ ከመጣህ እንሞክርሃለን ብሎታል። አዲስ መግዛት እንደማይሞከር ሁለቱም ያውቁታል። «እንሥራው» ያለው ማን ነበር? ደበሌ ነው። ይህንንም ቢሆን ለዓመታት ሙስተፋ ነው ሲል ኖሯል፤ ለራሱ እንኳ። የሲሚንቶ ከረጢት ቀደው ወረቀቱ ላይ ቅርጹን ሣሉ፤ ሙስተፋ ከተሰበሩ ራዲዮኖች ማግኔት ለቃቀመ፤ ደበሌ የደረቀ ዋንዛ መረጠ። አቶ ባልቻ ከሠራተኛ በቀር ማንም መጋዙ አጠገብ እንዳይደርስ ስለከለከሉ ሥራው የሚሆነው እሑድ፣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነው።

እሑድ ነው። ሙስተፋ ዋንዛውን ይዟል፤ ደበሌ ሞተሩ አጠገብ ቆሟል። ሞተሩ ተነሥቷል፤ ሞተሩን ከመጋዙ የሚያገናኘው ቺንጋ ግን ገና ባዶው ጎማ ላይ ነው የሚዞረው፤ በእንጨት ዘንግ ገፋ ሲደረግ ወደ መጋዙ ይሻገራል። ሰዓቱ ሄዷል፤ ቅዳሴው ወጥቷል፤ ነጠላ የለበሱ ሰዎች በመንገዱ ላይ መታየት ጀምረዋል፤ አቶ ባልቻ ሊደርሱ ነው፤ አንድ መስመር ብቻ ነው የቀረው፤ የግራው ጎን። ሙስተፋ ጎንበስ ብሎ ከመጋዙ ጥርስ ሥር የተሰነቀረ ስንጥር ያወጣል። አፉ ተንቀሳቀሰ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ምን እንዳለ አልሰማም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ምን እንዳለ አልሰማም ሲል ኖሯል፤ እዚህ አልጋ ላይ ዓይኑን ገጥሞ አልሰማሁም፣ ሞተሩ ይጮኽ ነበር ይላል፤ ግን ሰምቷል። «ቆይ» ነው ያለው። ደበሌ ሰምቶታል፤ ቆይ ማለት ጨረስኩ፣ እጄን ላውጣ ማለት ነው ብሎ፣ ቺንጋው እስኪሻገር ያወጣል ብሎ፣ ዘንጉን ገፋ።

ጩኸቱ የሞተሩ አይደለም፤ የሙስተፋ ነው። የግራ እጁ ትንሿ ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ የመሃል ጣት ግማሽ። ደበሌ ሸሚዙን አውልቆ እጁን አሰረ፤ አቶ ባልቻ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ በር ላይ ደረሱ።

«ቺንጋውን ማን ለቀቀው?»

«እሱ ራሱ ነው» አለ ደበሌ። «እኔ ውጪ ነበርኩ።»

አስቦ አይደለም የተናገረው፤ ቃሉ ከሐሳቡ ቀድሞ ወጣ። ከወጣ በኋላ ግን ለመመለስ ስንት ጊዜ ነበረው። በአንድ ጭነት መኪና ላይ ሙስተፋን አቅፎ ወደ ሐኪም ሲወስደው ጊዜ ነበረው። በአራተኛው ቀን የፖሊስ አሥር አለቃው ደብተሩን ይዞ መጥቶ «ያስነሣኸው አንተው ነህ?» ብሎ ሲጠይቅና ሙስተፋ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «አዎ፣ እኔው ነኝ» ሲል፣ ደበሌ በሩ ሥር ቆሞ ነበር፤ ያን ጊዜም ጊዜ ነበረው። ከድጄ ፋሻውን ፈትታ እጁን በሞቀ ውሃና በጨው ታጥባለች፣ ማሰሮውን ደበሌ ይይዝላታል፤ «በገዛ እጅህ» ትላለች ልጇን፣ «በገዛ እጅህ ነው ያጠፋኸው፤ አትንካ የተባልከውን»፤ ከዚያ ወደ ደበሌ ዞራ «አንተ ባትኖርለት ደሙ ፈሶ ያልቅ ነበር፤ አላህ ይጠብቅህ» ትለዋለች። ምሳ ታቀርባለች። ይበላል። እንዴት ነው የበላው? ምን ነበር ያቀረበችው? ያን ማስታወስ አይችልም፤ ሳህኑን ጠርጎ እንደመለሰ ግን ያውቃል።

በሁለተኛው ወር ሳይሰናበታት ወጣ። አዲስ አበባ የአንድ ጣልያናዊ እንጨት ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ሠራ፤ ባለቤቱ አገሩ ሲገባ እጅህ ጥሩ ነው ብሎ አስከተለው፤ እንዲህ ሆኖ ነው እዚህ የደረሰው። ሌላው ሰው ሊማር ወይም ሊያተርፍ ይሄዳል፤ እሱን የሰደደው ግን አንድ ማሰሮ ሙቅ ውሃ ነው።

ባለፈው ክረምት እህቱ አበባ ከቡታጅራ ጻፈችለት። ዓርብ ገበያ ላይ ከወልቂጤ በርበሬ ሊገዛ የመጣ ሙስተፋ የሚባል ሰው አግኝታለች፤ ስለ እሱ ጠየቃት፤ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ጊታር ትቷል፤ ሚስት አላገባም። ደበሌ ደብዳቤውን አጥፎ ፋብሪካ ሄደ፤ የዚያን ቀን ነው ጥራጊ ሳጥኑ ውስጥ ያ አንገት የታየው። ለሙስተፋ ጻፈለት፤ ስላለፈው አንድ ቃል አላነሣም፤ ጊታር እየሠራሁልህ ነው፣ የቀኝ እጅህን ወረቀት ላይ ዘርግተህ ዙሪያውን በእርሳስ ሥለህ ላክልኝ አለው። ወረቀቱ ከስድስት ሳምንት በኋላ መጣ። ሁለት እጅ ተሥሎበታል። ቀኙ አለ፣ ሙሉ፣ ሰፊ። ከጎኑ ግራው፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣት ጉራጅ፣ ከዚያ እርሳሱ ዝቅ ብሎ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቶ ያልፋል። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ጥር በገባ በሁለተኛው ሐሙስ በአሥር ሰዓት ወልቂጤ ስልክ ቤት እገኛለሁ፣ ደውልልኝ።

በስምንት ሰዓት ስልክ ቤቱ ውስጥ ሰው ጥቂት ነው። ጸሐፊዋ ቅጹን ሰጠችው፤ የአገሩን ስም፣ የከተማውን ስም፣ የሚጠራውን ሰው ስም፣ የደቂቃውን ቁጥር ሞላ። ወልቂጤ የሚለውን ሁለት ጊዜ አንብባ ፊደል በፊደል አስጠራችው። ሮም አዲስ አበባን ጠራች፣ አዲስ አበባ ወልቂጤን ጠራች፤ አራተኛው የስልክ ሳጥን ውስጥ ገብቶ መነጋገሪያውን ሲያነሣ የሦስት ሴቶች ድምፅ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ይሰማል፤ ከዚያ ሁሉም ጠፋ።

«ሃሎ?»

«ሙስጤ» አለ ደበሌ፤ ወጣለት።

«ጮክ በል፣ አይሰማም።»

«እኔ ነኝ። ወረቀቱ ደርሶኛል።»

«ቀኝህን ብቻ ነበር ያልከኝ። የቀረኝን ሳታውቅ ምን ትሠራለህ ብዬ ነው ግራውን የጨመርኩት።»

ድምፁ ወፍሯል። ደበሌ ስለ ጊታሩ ማውራት ጀመረ፤ ቶሎ ቶሎ፣ እንደተባረረ ሰው፤ ቤዝ ነው፣ አራት ክር ብቻ ነው ያለው፣ አንገቱን በቀኝህ ትይዛለህ፣ ለመምቻው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይበቃል፣ ማጉያ ባይኖርህም ከራዲዮ ጋር የሚያያዝበትን ሽቦ እልካለሁ። ሙስተፋ እሺ፣ እሺ ይላል። ከዚያ የሚወራ አለቀ።

«ሙስጤ፣ ያን ቀን ቆይ ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬህ ነበር።»

«ሰምቼሃለሁ።»

ከወዲያ በኩል በስልክ ቤቱ ደጅ የሚያልፍ ጋሪ ይሰማል።

«ይህን አላውቅም ነበር» አለ ሙስተፋ በመጨረሻ። «የለቀቅኸው አንተ መሆንህንስ አውቃለሁ፤ መቼም እዚያው ነበርኩ። ግን አልሰማኝም ብዬ ነው የያዝኩት። ሞተሩ ነው፣ አልሰማኝም ብዬ።»

«ታዲያ አሥር አለቃው ሲጠይቅህ ለምን አልተናገርክም? ስለ እኔ ብለህ ነው?» ይህን ጥያቄ ሰባት ዓመት አብሮት አድሯል፤ መልሱንም ራሱ ሠርቶ አስቀምጧል፤ ስለ እኔ ብሎ ነው።

«ትኩሳት ነበረብኝ እኮ። እንዲሄዱልኝ ነው አዎ ያልኩት። በኋላ ልናገር ስል አንተ የለህም። በሌለህበት ማንን ልክሰስ?»

ስልከኛዋ ገባች። «ሦስት ደቂቃ ሞልቷል፤ ይቀጥላሉ?»

«ይቀጥል» አለ ደበሌ።

«ጊታሩን እፈልገዋለሁ» አለ ሙስተፋ። «አልዋሽህም። እጄን ሥዬ ከላክሁልህ ወዲህ ሌላ ነገር አላስብም። ግን ይዤው ቤት አልገባም። ደበሌ ላከልህ? ብላ እናቴ ትመርቅሃለች። በየበዓሉ ትመርቅሃለች፤ ደሙን ያቆመለት እያለች። ቁጭ ብዬ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ከእንግዲህ አልችልም።»

«ምን ላድርግ?»

«አብራኝ መጥታለች። ይህችውና። ንገራት።»

ደበሌ አልተዘጋጀም። መነጋገሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰማ፤ የነጠላ መንሸራሸር፤ «በየት በኩል ነው የሚያወራው?» የሚል ድምፅ።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ። ደኅና ነህ? ብርዱ በረታብህ አሉ።»

«ደኅና ነኝ እማ ከድጄ።» ግንባሩን ሳጥኑ መስታወት ላይ አስደገፈ። «እማ ከድጄ፣ ያን ቀን ቺንጋውን የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ሙስተፋ አይደለም። ቆይ እያለኝ ለቀቅሁት። ከዚያ እሱ ነው ብዬ ዋሸሁ።»

መነጋገሪያውን ጆሮው ላይ ጫነው።

«እሱ ራሱ አዎ ብሏል።»

«ታሞ ነው። እኔ ነኝ።»

«እጁን ሳጥብ ውሃውን ይዘህልኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ምሳ በላህ።»

«በላሁ።»

«እኔ ሰባት ዓመት በገዛ እጅህ ስለው ኖርኩ» አለች፤ ድምፅዋ አልጨመረም። «ማዳበሪያ ማንሣት ሲያቅተው በገዛ እጅህ። የጠየቅንለት ልጃገረድ ቤተሰቦች እንቢ ሲሉ በገዛ እጅህ። አንድ ቀን ቀና ብሎ አልመለሰልኝም። ዝም ሲል ጥፋቱን አውቆ ነው እል ነበር።»

ደበሌ ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ፤ እስዋ ቀደመችው።

«ጊታሩን ላክለት፤ የሱ ነው። ዛሬ ከልጄ ጋር ነው የማወራው። ያንተ ሌላ ቀን ነው።»

መነጋገሪያው ሲቀመጥ ሰማ።

ከሳጥኑ ወጥቶ ቤቱ እስኪደርስ መንገዱን አላየውም። ሊተኛ አልሞከረም። መዝጊያውን ከፍቶ ብርሃኑን አስገባ፤ ሁለቱ እጆች የተሣሉበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ክሮቹን አላልቶ የአውራ ጣት ማሳረፊያውን እንጨት ፈታና የሙስተፋ አውራ ጣት ወደሚደርስበት በሁለት ጣት ያህል አስጠጋው፤ የቀድሞዎቹን የብሎን ቀዳዳዎች በስንጥርና በኮላ ደፈነ። ክሮቹን መልሶ ሲወጥር ራሱ ሊሞክረው አነሣው። ጭኑ ላይ አልተቀመጠለትም፤ ቀኙ የግራውን ሥራ፣ ግራው የቀኙን ሥራ እየፈለገ ተምታታበት፤ አንድ ቀና ድምፅ እንኳ ሳያወጣ መልሶ አስቀመጠው። በሳምንቱ ሣጥን ሠርቶለት ወደብ ወሰደው። የጉምሩኩ ቅጽ ላይ የፋብሪካው ስም የሚል ቦታ አለ፤ ፋብሪካ የለውም አላቸው፤ ባዶ አይሆንም፣ ሠሪ የሌለው ዕቃ አይጫንም አሉት። ደበሌ ብሎ ጻፈ።

ዕቃው በመርከብ አሰብ፣ ከአሰብ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ በበርበሬ መኪና ወልቂጤ ለመድረስ አራት ወር ፈጀበት። የሙስተፋ ደብዳቤ ሐምሌ ላይ መጣ። ጊታሩ ደርሷል፤ አንገቱ በመንገድ ላልቶ ነበር፣ ብሎኑን አጥብቆታል፤ ራዲዮኑ ላይ ሲሰካው ድምፁ ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል፤ አውራ ጣቱ እየደማ ነው፣ ይለምዳል። ሠርግ ላይ ገና አልተጫወተም። ከዚያ በታች ቀለሙ የተለወጠ፣ በሌላ ቀን የተጻፈ የሚመስል መስመር አለ፤ ቆይ ስልህ መስማትህን ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር፤ አንዳንድ ቀን አነሣውና ሳልመታው አስቀምጠዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከሰዓት በኋላው እንዳለ ይሄድብኛል። ከሁሉ በታች፤ እናቴ ነሐሴ በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ በአሥር ሰዓት ስልክ ቤት እመጣለሁ ብላለች፤ እኔ አብሬያት እንዳልመጣ ከልክላኛለች።

ቀኑ ሲደርስ ደበሌ ደብዳቤውን እንደያዘ ስልክ ቤት ሄደ። ቅጹን ተቀበለ፤ የአገሩን ስም፣ የከተማውን ስም ጻፈ። የሚጠራው ሰው በሚለው ላይ ከድጄ ብሎ ጻፈ። የስንት ደቂቃ በሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ፤ ጸሐፊዋ ቀና ብላ ጠበቀችው፤ ከኋላው የቆሙት ተራ ጠባቂዎች ይጉረመረማሉ።

«ስንት ይሁን?» አለችው።

«እሷ እስክትጨርስ» አላት።